ንብ ሸሽተን ማር ሱቅ አደርን

መንገድ የምወድ ሰው አይደለሁም። ከቤቴ ወጥቼ ባደርኩበት ሁሉ አልጋው ይጎረብጠኛል፣ ውኃው ይከብደኛል፣ በሩም የተቆለፈ አይመስለኝም። ይህን አስቀድሜ የምናገረው፣ ስለ መርካቶ የምጽፈውን የምታነቡ የቡሬ ጎረቤቶቼና የትምህርት ቤት ባልደረቦቼ ከነገሩ ላይ የእኔን ጭንቀት ቀንሳችሁ እንድታነቡት ነው።

ሰኞ

የሄድነው ለባለቤቴ ለአንማው ሕክምና ነው። አንማው ንብ አናቢ ነው፤ አባቱም አያቱም ከዚሁ ሥራ ወጥተው አያውቁም። ከልጅነቱ ጀምሮ ንብ ሲነድፈው የኖረ ሰው ስለሆነ እንደ ዝንብ እንኳ አይቆጥራቸውም ነበር። ባለፈው ኅዳር ግን ማር ሲቆርጥ አንዲት ንብ እጁን ነደፈችው። ከቀፎው ቤታችን ደጃፍ ሳይደርስ ሰውነቱ ሽፍ ብሎ፣ ከንፈሩ አብጦ፣ ትንፋሹ እያፏጨ ወደቀ። ጤና ጣቢያ በመርፌ መለሱልኝ። አለርጂ መሆኑን ነገሩንና፣ ሌላ ንብ ከነደፈችው ላንደርስለት እንደምንችል አስጠነቀቁን።

እኔ በዚያኑ ቀን "ቀፎዎቹ ይሸጡ" አልኩ። እሱ "ከምሸጣቸው ይግደሉኝ" አለ። በዚህ እስከ ጥምቀት ስንነታረክ ከረምን። በመጨረሻ መርካቶ፣ ራጉኤል ቤተ ክርስቲያን አጠገብ አለርጂ የምታክም ዶክተር እንዳለች ሰማንና ተስማማን፤ የሚድን ከሆነ ቀፎዎቹ ይቆያሉ፣ የማይድን ከሆነ ይሸጣሉ። እውነቱን ለመናገር እኔ የተሳፈርኩት ዶክተሯ "ይሸጡ" እንድትልልኝ ነው።

በአገራችን አውቶቡስ ላይ "መስኮቱን ዝጉት፣ ንፋስ ይመታኛል" የሚል ተሳፋሪ አይጠፋም። ሰኞ ዕለት ያ ሰው እኔ ነበርኩ። ንፋሱን ፈርቼ አይደለም፤ ከፊታችን የተቀመጠች ሴት እግሯ ሥር ማር የሞላ ጀሪካን ስለያዘች፣ ሽታው ንብ ይጠራብናል ብዬ ነው። ደብረ ማርቆስ ቁርስ እስክንበላ ሰው ቻለኝ። ዓባይ በረሃ ስንወርድ ግን ላቡ በሁሉም ፊት ላይ ይንቆረቆር ጀመር፤ ከኋላ አንድ ሽማግሌ "ኧረ እመቤቴ፣ በቁማችን ተቀቀልን እኮ!" አሉ። ከፈትኩት። እስከ ጎሐ ጽዮን ድረስ ዓይኔን ከመስኮቱ ሳልነቅል ስለሄድኩ፣ ሰዎች የሚያደንቁትን ያን ገደል ዘንድሮም አላየሁትም።

አውቶቡስ ተራ ጋሽ ከድር ቆመው ጠበቁን። ጋሽ ከድር የአንማውን ማር ለዓመታት ሲገዙ የኖሩ የመርካቶ ነጋዴ ናቸው። በስልክ እንጂ በአካል አይቻቸው አላውቅም ነበር። ሆቴል መያዝ እንደምንፈልግ ብነግራቸው ቆጣ አሉ።

"እኔ ሞቼ ነው ሆቴል የምታድሩት? እናንዬ፣ እንዲህ ያለ ነገር ደግመሽ እንዳታነሺብኝ።"

ቤታቸው ጎጃም በረንዳ ነው። በማዳበሪያና በጋሪ መሐል እየተሹለከለክን ደረስን፤ መኖሪያው ከሱቁ ጀርባ ያለ ክፍል መሆኑን ያየሁት ያኔ ነው። ሱቁ ውስጥ ከወለል እስከ ወገቤ ድረስ ማር በቆርቆሮ ተደርድሯል። ንብ ሸሽተን ከቡሬ ድረስ መጥተን ማር ሱቅ ልናድር ነው። አንማው ሽታውን ወደ ውስጥ ሳበና "እፎይ፣ ቤቴ ገባሁ" አለ። በዚያች ደቂቃ ባንቀው ደስ ባለኝ።

የጋሽ ከድር ባለቤት እትዬ ዘይነባ ሥጋችን እንደማይገናኝ ስለሚያውቁ ቆጮ በጎመንና በአይብ አቀረቡልን። እኛ ቤት ቆጮ አይታወቅም፤ መጀመሪያ እንደ ቂጣም እንደ ጎማም ሆነብኝ። አንማው ግን እዚያው የተወለደ ይመስል ደጋግሞ በላ። እኔ የምተኛበትን ክፍል መስኮት ስዘጋና ስከፍት ነጋ።

ማክሰኞ

መርካቶ እንደ እኛ ከተማ በዶሮ ጩኸት አይነቃም። በአንድ በኩል አዛን፣ በሌላው የራጉኤል ቅዳሴ በድምፅ ማጉያ ይመጣል፤ ሁለቱ ሳይጨርሱ የሚኒባስ ረዳቶች ይቀበላሉ። ክሊኒኩ የእግር መንገድ ነው አሉን፤ በሰው ብዛት ግን ከቡሬ ደብረ ማርቆስ የራቀኝ መሰለኝ።

ዶክተሯ ገና ወጣት ናት። አንማው ሲያያት ወደ እኔ ጎንበስ ብሎ "ከአንቺ ተማሪዎች አንዷን ነው እንዴ የላኩብን?" አለኝ። ሰምታ ሳቀች።

"ልጅ እመስላለሁ አይደል፣ ጋሼ? ክንድዎን ያምጡ።"

ክንዱን ገልብጣ በእስክሪብቶ ምልክት አደረገችበት። በየምልክቱ አጠገብ ጠብታ አኖረች፤ በየጠብታው ላይም ጫፏ ሹል በሆነች ትንሽ ነገር ቆዳውን ነካ ነካ አደረገችው። አንደኛው ጠብታ ውኃ ነው፤ ሁለተኛው ማንንም ሰው የሚያሳክክ ነው፤ የቀሩት እጅግ የቀጠነ የንብ መርዝ መሆናቸውን ስትነግረን ከወንበሬ ተነሣሁ።

"መርዝ ነው ያልሽው?" እርስዎ ማለቱ ጠፋኝ።

"አይዞዎት እትዬ፣ የሚያስፈልገው መድኃኒት ሁሉ አጠገቤ ነው። ይቀመጡ።"

አልተቀመጥኩም። ጥቂት ቆይቶ ውኃው ያረፈበት እንደነበረ ቀረ፤ መርዙ ያረፈበት ግን ቀላና ተነፋ። ዶክተሯ በማስመሪያ ለካችውና ራሷን ነቀነቀች። ባሌን የጣለውን ነገር በዓይኔ ሳየው ያ የመጀመሪያዬ ነበር።

"የጋሼ ሰውነት ንቧን እንደ ወራሪ ጦር ነው የሚያያት" አለች። "የሚጥላቸው ንቧ ያደረገችው ሳይሆን፣ የራሳቸው ሰውነት የሚያስነሣው ሁከት ነው። ሕክምናው ደግሞ ራሱ መርዙ ነው። የተጣራና የተመጠነ፣ መጀመሪያ ከምንም የማይቆጠር፣ ከዚያ ቀስ በቀስ የሚጨምር፣ ከቆዳ ሥር ይወጋል። ሰውነታቸው እየለመደ ይመጣል። ከዚያ በየወሩ ለዓመታት መቀጠል አለበት።"

አንማው ከት ብሎ ሳቀ። "ልጄ፣ እኔ ዕድሜዬን ሙሉ ስነደፍ አይደል እንዴ የኖርኩት? ከዚህ በላይ ምን ልልመድ?"

"ንብ አትመጥንም፣ ጋሼ።"

ዶክተሯ እንደነገረችን ሕክምናው በሌላው ዓለም ከተጀመረ ሰንብቷል፤ አሁን ደግሞ የሕመምተኛው ሰውነት ከየትኛው የመርዙ ክፍል ጋር እንደተጣላ በደም ምርመራ እስከ መለየት ተደርሷል። እኛ አገር ግን መድኃኒቱ እንደልብ አይገባም። ለጥቂት ሕመምተኞቿ እንዲመጣላት ጠይቃ ስለነበር የእሱን ስም ጨምራ መልሱን ለዓርብ ቀጠረችን።

ከዚያ እኔን ጠራችኝ። ውጭ አገር፣ ንብ የነደፈው ሰው ጭን ላይ ሲጫኑት ራሱ የሚወጋ፣ እስክሪብቶ የሚመስል መርፌ አለ አለችኝ፤ እዚህ ስለማይገኝ በእጃችን መሥራት አለብን። ትንሿን የመድኃኒት ብልቃጥ አንገቷን መስበር፣ መርፌው ላይ በቀለም እስካሰመረችልኝ ድረስ መሳብ፣ ከጭን ጎን መውጋት። ብርቱካን ሰጠችኝና ውኃ እየሳብኩ ተለማመድኩ። የመጀመሪያው ብልቃጥ ጣቴን ቆረጠኝ። አንማው "ብርቱካኑ ተረፈ፣ ሐኪሟ ቆሰለች" እያለ ሲያሾፍብኝ ዋለ። መድኃኒቱን በመሐረብ ጠቅልዬ መቀነቴ ውስጥ አሰርኩት።

ረቡዕ

ጠዋት ጨርቅ ልገዛ ብዬ ወጥቼ ገና ከመንገዱ ሳልደርስ አንድ ባለ ጋሪ "መንገድ! መንገድ!" እያለ መጥቶ ትከሻዬን ገጨኝ። አንድ ጫማዬ እግረኛው መሐል ጠፋ። በቡሬ የቅዳሜ ገበያ ሰው ሰውን ሲነካ ቆሞ ይቅርታ ይጠይቃል፤ እዚህ የሚቆም ከተገኘ ከኋላው ያለው ይወድቅበታል። "ባለጌ!" ብዬ ጮህኩበት። ጫማዬን ፈልጌ ስመለስ ያው ሰው ጋሽ ከድር ሱቅ በር ላይ ማር ያወርዳል፤ ታደሰ ይባላል፣ የሱቁ ደንበኛ ተሸካሚ ነው። እሱም አወቀኝ፤ እኔ ግን ዘጋሁት።

ሱቁ በር ላይ ያየሁት ሌላ ነገር ነበር። በሰፈሩ ያሉት ማር ሱቆች ሁሉ ከፊት የሚያስቀምጡትን ቆርቆሮ ክዳኑን ከፍተው ይተዉታል። ንቦች ከየት እንደሚመጡ እንጃ፣ ከዚያ ሁሉ ቆርቆሮና አስፋልት መሐል መጥተው ይሰፍሩበታል። ማንም አያባርራቸውም። ገዢው መጀመሪያ የሚያየው እነሱን ነው፤ ንብ ከከበበው ንጹሕ ማር ነው፣ ካልከበበው ስኳር አለበት ይላል። የጋሽ ከድር ቆርቆሮዎች ግን ከዳር እስከ ዳር ተከድነዋል። በሩ ላይ አሮጌ ጆንያ እየጤሰ ነው። ወደ ውስጠኛው ክፍል በሚያስገባው በር ላይ እትዬ ዘይነባ የአልጋቸውን አጎበር አውርደው መጋረጃ አድርገውታል።

አንዲት የጠጅ ቤት ባለቤት መጡና አፍንጫቸውን በነጠላ ሸፈኑ።

"ከድር፣ ንቦችህ የት ሄዱ? ስኳር ነው እንዴ የጫንክ?"

"እንግዳ አለብኝ እትዬ አስካለ፣ እንግዳዬን ንብ አይስማማውም።"

"ማር ቤት ገብቶ ንብ የማይስማማው እንግዳ!" ብለው ወደ ጎረቤት ሱቅ ተሻገሩ።

ጋሽ ከድር አይተውኝ ፈገግ አሉ። "እሷ ነገ ትመለሳለች፣ ደንበኛዬ ናት" አሉኝ። እኔ ግን ቀኑን ሙሉ በአጎበሩ ውስጥ ሆኜ የሚገባውንና ሳይገዛ የሚወጣውን ሰው አየሁ። እንዲህ ያለ ደግነት ሲደረግልኝ የት እንደምገባ አላውቅም። እንሂድ እንዳልል ዓርብ አልደረሰም፤ እንቆይ እንዳልል ሰውየው ገበያቸውን ዘግተውልናል። ተነሣሁ፣ ተቀመጥኩ፣ ያልቆሸሸ ዕቃ አጠብኩ።

ሐሙስ

እኔና እትዬ ዘይነባ ከኋላ ልብስ እያጠብን ነበር። ከዚህ በታች ያለውን መጀመሪያውን ጋሽ ከድር እንደነገሩኝ ነው የምጽፈው።

አንድ ጎልማሳ ገዢ መጥቶ የፊተኛውን ቆርቆሮ አስከፍቶ አየና "ተከድኖ የዋለ ማር እኔ አልገዛም፣ ይሄ ስኳር ነው" አለ። አንማው አጎበሩ ውስጥ ተቀምጦ ይሰማል። ቆርቆሮውን ያውቀዋል፤ ጎኑ ላይ በቀይ ቀለም የቀባው ምልክት አለበት። የራሱ ማር ነው። ጋሽ ከድር "ተው አንማው" እያሉ አጎበሩን ገልጦ ወጣ፣ ጆንያውን በእግሩ ወደ ውጭ ገፋው፣ የቆርቆሮዎቹን ክዳን አንድ በአንድ ከፈተ። ከዚያ ክንዱን አጣምሮ በማሩ አጠገብ ቆመ። ንቦቹ ለመምጣት ብዙ አልቆዩም።

"አየህ ወንድሜ?" አለ ገዢውን። "ስኳር ላይ እንዲህ ይመጣሉ?"

ንብ ስኳር ላይም እንደምትመጣ ማንኛውም ንብ አናቢ ያውቃል። አንማውም ያውቃል። ማሩ ሲሰደብ ግን የሚያውቀው ሁሉ ይጠፋበታል።

"እናንዬ!" የሚለውን የጋሽ ከድርን ድምፅ ስሰማ የያዝኩትን ሸሚዝ ጥዬ ሮጥኩ። አንማው መሬት ላይ ተቀምጦ ንብ የነደፈችውን አንገቱን በእጁ ይዟል። "ደህና ነኝ" አለኝ፤ ግን ምላሱ ወፍሮ ቃሉ አይለይም። ዓይኑ ሥር አብጧል። ትንፋሹ ያንን የኅዳሩን ፉጨት ጀምሯል።

መቀነቴን ለመፍታት ጣቶቼ እምቢ አሉኝ። እትዬ ዘይነባ ፈቱልኝ። የብልቃጡን አንገት ሰበርኩት፣ ዳግመኛ ጣቴን ቆረጠኝ፣ እስከ መስመሩ ሳብኩ። "ብርቱካን ነው" እያልኩ በሱሪው ላይ ጭኑን ወጋሁት። ጋሽ ከድር አስተኝተው እግሩን አንድ ቆርቆሮ ላይ ከፍ አደረጉለት።

መኪና ጥሩ ብዬ ጮህኩ። የትኛው መኪና? መንገዱ በሰውና በጭነት ተዘግቷል። ታደሰ ከአጠገባችን ቆሞ ነበር። የጫነውን ሁሉ ሜዳ ላይ ዘርግፎ ጋሪውን አዞረው፤ አንማውን አንሥተው አስተኙት።

"መንገድ! መንገድ! ሰው ነው!"

ያ ትናንት ባለጌ ያስባለኝ ጩኸት መርካቶን እንደ ቢላ ሰነጠቀው። እኔም ከጋሪው ጎን እየሮጥኩ ከታደሰ በላይ ጮህኩ። "መንገድ! መንገድ!" ማንን እንደገጨሁ አላውቅም። ክሊኒኩ በር ስንደርስ ማሩን ስኳር ያለው ሰውዬ ከኋላችን እያለከለከ ደረሰ፤ በእጁ ስሮጥ የወለቀውን አንድ ጫማዬን ይዟል።

ዶክተሯ ኦክስጅን ሰጠችው፣ ሌላ መርፌ ጨመረችለት፣ ቀስ በቀስ ፉጨቱ እየራቀ ሄደ። ወደ እኔ ዞራ "እትዬ፣ የእርስዎ መርፌ ነው ያቆየልን" ስትለኝ እዚያው ወለሉ ላይ ቁጭ ብዬ አለቀስኩ። ታደሰ በሩ ላይ ቆሞ ላቡን ይጠርግ ነበር። ይቅርታ ልጠይቀው አፌን ስከፍት "ግዴለም እናት፣ ይኸው ተነፈሰልሽ እኮ" አለኝ።

ዓርብ

እዚያው ክሊኒኩ አደርን፤ ጠዋት ጋሽ ከድር ሊጠይቁን መጥተው ሳለ ዶክተሯ መልስ ይዛ ገባች። መድኃኒቱ እንዲመጣ ተፈቅዷል፤ መቼ እንደሚደርስ ግን አይታወቅም። "ሲደርስ እደውላለሁ። እስከዚያ ግን ጋሼ፣ ከቀፎ አጠገብ እንዳልሰማዎት።"

አንማው ጣሪያውን አየ። "ይሸጡ" አለ። "ከድር ወንድሜ፣ ሰው ፈልግልኝ።"

ጋሽ ከድር አንገታቸውን ደፉ። እኔ ያችን ቃል ለመስማት ነው ከቡሬ የመጣሁት። ስሰማት ደስ ይለኛል ብዬ ነበር። አንማው ግን ቃሏን ከተናገረ በኋላ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ፤ ከኅዳር ጀምሮ ስንጣላ እንኳ እንደዚያ አይቼው አላውቅም። ሞቱን ስፈራ ኖሬ፣ በሕይወት ያለውን ሰውዬ ምን እያደረግሁት እንደሆነ አላሰብኩም ነበር።

"አይሸጡም" አልኩ።

"ማን ሊይዛቸው?"

"እኔ።"

ሁለቱ ተያዩ። አንማው ባበጠ ከንፈሩ ሳቀ። "አንቺ? ዝንብ ስታይ በር የምትዘጊው?"

"እኔ ነኝ አልኩ!" ብዬ ጮህኩበት። ነርሷ ቀስ በሉ አለችን።

ቅዳሜ

ዶክተሯ አዲስ ብልቃጦችና መርፌዎች ሰጥታ አሰናበተችን። እትዬ ዘይነባ አጎበሩን አጥፈው በፌስታል ሰጡኝ።

"ይሄን ፊትሽ ላይ ታደርጊዋለሽ" አሉኝ።

"አልጋዎስ?"

"እኛ ቢንቢ ነው የሚነድፈን፣ ምን ያደርገናል?"

ሱቁ በር ላይ ክዳኖቹ ተከፍተዋል፤ ንቦቹ ተመልሰዋል። እትዬ አስካለም ተመልሰው ቆመው ማር ያስለካሉ። አንማውን በሩቁ፣ ሚኒባስ ውስጥ አስቀምጬ ጋሽ ከድርን ተሰናበትኩ። አውቶቡስ ላይ እስከ ቡሬ መስኮቱን አልከፈትኩም። ዓባይ በረሃ ላይ ተጮኸብኝ።

እሑድ

ጓሮ ስወጣ ጉንዳን ወደ አንዱ ቀፎ መስመር ሠርቷል። ጉንዳን የገባበትን ቀፎ ንቦቹ ጥለውት ይጠፋሉ፤ አንድ ቀን እንኳ የሚያቆይ ነገር አይደለም። አንማውን ቤት አስገብቼ በሩን ዘጋሁበት፣ መርፌውን ከአጠገቡ አኖርኩ፣ ጎረቤታችንን አብሮት አስቀመጥኩ። የእሱን ካፖርት ለበስኩ። የዘይነባን አጎበር ከራሴ እስከ ወገቤ ጠመጠምኩ። ከአጥሩ ማዶ ሴቶቹ ተሰብስበው ያዩኛል፤ በእኛ ሰፈር ሴት ቀፎ ከፍታ አታውቅም።

አንማው በመስኮቱ መስታወት ውስጥ ሆኖ ይጮሃል። "ጭሱን ከሥር! አትቸኩዪ! እጅሽን አታወናጭፊ!" ጉንዳኑን ጠረግሁ፣ አመድ አፈሰስኩ፣ ክዳኑን ቀስ ብዬ ሳነሣ አንዲቷ በእጅጌዬ ጫፍ ገብታ ጣቴን ነደፈችኝ፤ ያንኑ ብልቃጥ የቆረጠውን ጣት።

"ነደፈችሽ?"

"ነደፈችኝ።"

በጣም በቀስታ "በጥፍርሽ ጫሪው፣ አትጭመቂው" አለኝ።

ጫርኩት። ከዚያ ቆሜ ጠበቅሁ። ከንፈሬን በምላሴ ነካሁት፣ ትንፋሼን አዳመጥኩ፣ ክንዴን ገልጬ ሽፍታ ፈለግሁ። አንማው ግንባሩን መስታወቱ ላይ አጣብቆ ይጠብቃል፤ እኔን ሲጠብቅ አየሁት፤ ከኅዳር ጀምሮ እኔ እሱን ሳየው የኖርኩት ልክ እንደዚህ እንደነበረ ገባኝ። ጣቴ አበጠ፣ አቃጠለኝ፣ ሌላ ምንም አልሆንኩም። ባሌን ሁለቴ ሊወስድብኝ የነበረው ነገር ለእኔ የጣት እብጠት ብቻ ሆኖ ቀረ። አጎበሩ ውስጥ እንባዬ መጣ፤ መጥረግ እንኳ አልቻልኩም።

"እናንዬ! ምን ሆንሽ?" አለ ድምፁ ተቆራርጦ።

"ምንም አልሆንኩም" አልኩት። "ቀጥሎ የትኛውን ላንሣ?"

ይህን ስጽፍ ዶክተሯ ገና አልደወለችም። ስልኩን ከእጄ አላወርድም፤ ቀፎ ስከፍት ግን እሱ ይይዘዋል።